በዓይን ፈንታ መስክ

ከዌይ ወንዝ ማዶ፣ ከደረጃው በታች፣
ማኅተም የምቀርጽባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ ጨለም ያለች።
ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
አንዲት ሴት ገባች፣ ከጭቃ ጫማዋ ጋራ።
«ስምሽ ማን ነው?» አልኳት፣ ብዕሬን ሳነሣ፤
«ሚያው ፓንዲ» አለችኝ፣ ድምጿ እንደ ወቀሳ።

እኛ አገር በቅድሚያ የሚጠራው ቤት ነው፣
ሰውየው ከኋላ፣ በሩን አልፎ የሚገባው።
ሚያው ቡቃያ ነው፦ ሣር ከላይ፣ መስክ ከታች፤
በዚያ ሳቢያ ተማሪ ቤት «ድመት» ተብላ አደገች።
ይህስ አልከፋትም።
ፓን ማለት «መናፈቅ»፣ ዲ ደግሞ «ታናሽ ወንድም»፤
ስሟን ያወጣላት መልአክ አልነበረም፤
ሦስተኛዋን ሴት ያየ አባት ብዙም አላሰበም።
ስሟ የሷ አይደለም፤ ደብዳቤ ነበረ፣
ለሌላ ሰው ተጽፎ በሷ ጀርባ የኖረ።

ደብዳቤው ደረሰ። በአራተኛው ዓመት።

ለእሱ ግን ኮከቡ፣ ሰዓቱ ተቆጥሮ፣
«ውሃ ይጎድለዋል» ተብሎ ተመክሮ፣
ሦስት ጠብታ ውሃ ተጨመረ በስሙ፤
ዘ በሚል ቃል ሆነ፣ ረግረግ ነው ትርጉሙ።
(ቤት ውስጥ «የውሻ እንቁላል» ይሉት ነበር፣
እንዳይመኘው ጋኔን፣ ሲያልፍ በሰፈር።)
ቼንግ የሚለው ደግሞ ከአያቶች ግጥም ነው፣
ሃያ ቃል ብቻ ያለው፣ ለሃያ ትውልድ የሚበቃው።
አንድ ትውልድ አንድ ቃል ይዞ ይወለዳል፣
ልጁ ቀጣዩን ቃል ይዞ ይከተላል፤
ግጥሙን እስከ ፍጻሜው ሊሰማ የታደለ፣
አምስት መቶ ዓመት የኖረ አንድም ሰው የለ።
ሴቶቹ በዚያ ግጥም ውስጥ የሉም፤
ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልሆኑም።

«ፖሊስ ጣቢያ» አለች «ቅጹን ሞልቻለሁ፤
አዲስ ስም በሚለው ቦታ ግን ቆሜያለሁ።
እናቴ ሰማንያ አልፏታል፣ ሁሉን ረስታለች፣
የወንድሜን ስም እንኳ ከአፏ አጥፍታለች።
አንዲት ቃል ብቻ ናት እሷ ዘንድ የቀረች፦
ሌሊት 'ፓንዲ!' ስትል ዝም ልበላት እንዴ?»

ሻይ ቀዳሁ። ዝም አልኩ። ድንጋይ አገላበጥኩ፤
በጋዜጣ ጥግ ላይ ስሟን ደጋግሜ ጻፍኩ።
ፓን ሲጻፍ በግራው ዓይን አለ የተሳለ፣
መንገድ መንገድ እያየ በር ላይ የዋለ።
ዓይኑን አወጣሁት። መስክ ተከልኩበት።
በቀኙ «ግማሽ» የሚል ምልክት ጻፍኩበት።
ፓን ነው፣ ያው ፓን፤ የድምፁ ቅላጼ አልተነካም፤
ትርጉሙ ግን «ዳርቻ» ሆነ፣ ማንንም አይናፍቅም።
ዲንም እንዲሁ፦ ወንድሙን አስነሥቼ፣
መሬትን አስቀመጥኩ፣ በዚያው ድምፅ ጠርቼ።
ጆሮ የማይለየው፣ ዓይን የሚፈታው ኅብር፦
ቡቃያ፣ በወንዝ ዳር አፈር።

ረጅም ጊዜ አየችው። ፈገግ አላለችም።
«ግማሹ ምንድን ነው?» «አጻጻፉ ነው» አልኩ፤ ሌላ አላገኘሁም።
«ይሁን። ከአባቴ እርሻ ሩብ እንኳ አልደረሰኝም።»

ስም ድንጋይ ላይ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤
ወረቀት ሲነካ ነው የሚቃናው።
እስኪመሽ ቆፈርኩ። ጫፉን ሰበርኩ ጥቂት፣
አዲስ እንዳይመስል፣ የኖረ እንዲመስላት።
ቀዩን ቀለም ነክራ፣ ሌላ ወረቀት አጥታ፣
በመድኃኒት ደረሰኝ ጀርባ አተመችው፣ በዝግታ፤
ተንጋደደ ትንሽ።
ስልኳ ጮኸ ያኔ። ከወዲያ፣ ከሩቅ፣
እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ፦ «ፓንዲ!»
«አቤት» አለች እሷ፣ ጣቷ ላይ ቀይ ቀለሙ ሳይደርቅ።